ይደገም

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው የኔን ውሸት ተሸክሞ አያውቅም። የኔዋ ስትጀመር ከላባ አትከብድም ነበር። እያደር ግን እንደ ወፍጮ ድንጋይ ደረቴ ላይ ተቀመጠች፤ በመጨረሻም የምወዳትን ልጅ ይዛብኝ ልትሄድ ተነሳች።

ከሥሩ ላውራችሁ። ሥራዬ ለፊልም የሚሆን ዕቃ መሥራት ነው። የሬሳ ሣጥን እሠራለሁ፤ ከስኳርና ከቀለም ደም አፈላለሁ። አንድ ጊዜ ከካርቶን የሠራሁትን ድንጋይ ጎረቤቴ ለቤቱ መሠረት ሊሰርቀኝ መጣና በአንድ ጣቱ ብድግ ሲልለት ጊዜ፣ ድንገት ጉልበት የተሰጠው መስሎት ሰፈሩን ለጠብ ሲጋብዝ ዋለ። ማታ ተሸክመው አስገቡት።

ስሜ ደጋሚ ነው። እናቴ ያወጣችልኝ ሌላ ነው፤ ይሄን ያወጡልኝ የክፍል ልጆች ናቸው። ሰባተኛ ክፍልን ደገምኩ፤ ደግሜም ደገምኩ፤ እኔ ሳልሰለች መምህሩ ሰለቹና ወጣሁ።

ታዲያ ዳይሬክተሩ ሊቀጥረኝ የጠራኝ ዕለት ነው ጉዱ የመጣው። መነጽር ያደረገ፣ ቀጭን፣ ሲናገር እንኳ ቃል የሚመርጥ ሰው ነው።

«ሰፈር ውስጥ ምን ብለው ይጠሩሃል?» አለኝ።

«ደጋሚ።»

እስክሪብቶው አየር ላይ ቀረ። «ደጋሚ? የምርህን ነው? ማን አስተማረህ?»

«መምህሩ ናቸዋ። ከባድ ሰው ነበሩ። ኮቴያቸውን ሰምቶ የሚሸና ነበር።»

«ከደገምክ በኋላስ?»

«ወደቅኩ።»

«ወደቅክ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ጻፈው። «ራስህን ሳትክ?»

ያኔ ነው የገባኝ። ሰውየው የሚሠራው ድግምት ስለተደገመባት ሙሽራ የሚያወራ የሚያስፈራ ፊልም ነው፤ ለካ የድግምት አዋቂ ሲያፈላልግ ነው የከረመው። ጤነኛ ሰው ቢሆን «የለም፣ እኔ የደገምኩት ሰባተኛ ክፍልን ነው» ብሎ ይገላገል ነበር። እኔ ግን አጎት ፈጠርኩ። አጎቴ ወንዝ ሲሻገር ውሃውን «ቆየኝ» ብሎ አቁሞ ጫማውን ሳያወልቅ ያልፋል፤ አንድ ቀን «ሂድ» ማለቱን ረስቶ ውሃው እስከ ማታ ቆሞ ስለዋለ፣ ከታች ያሉ ሰዎች ዓሣ በእጃቸው ለቀሙ። አጎቴ የደገመው ድግምት የተደገመባትን ሴት ሳይዝ አይመለስም፤ ጣቷ ላይ ቀለበት ካለ ብቻ ነው አልፏት የሚሄደው። ይሄን ሁሉ ያልኩት ምራቄን ሳልውጥ ነው።

የፊልሙ ሰዎች ሁሉ አፋቸውን ከፍተው ሰሙኝ። ከአንዷ በቀር።

እሷን «ጆሮ» ነው የምንላት። ድምፅ ቀጂ ናት። ማዳመጫዋን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ፣ ማይኩን በረጅሙ ዘንግ ሰቅላ ስትቆም፣ የሰው ልብ ሲመታ የምትሰማ ይመስላችኋል። የወንዙን ተረት ስጨርስ በአንድ ዓይኗ ብቻ ፈገግ አለችና «ውሃው ሲቆም ዓሣዎቹ ለምን አብረው አልቆሙም?» አለችኝ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ነው የወደቅኩት፤ ይሄኛው ውድቀት ደግሞ እንደ ሰባተኛ ክፍል የሚደገም አልነበረም።

ነገር ግን ጆሮ የማን ልጅ መሰለቻችሁ? የጋሼ። ጋሼ ማለት የብረት ነጋዴው፣ ፊልሙን ከኪሳቸው የሚያሠሩት ሰው ናቸው። እሷ በመኪና ትመጣለች፣ እኔ በአውቶቡስ በር ላይ ተንጠልጥዬ። ቤተሰቧ ደግሞ የጥርስ ሐኪም አዘጋጅቶላታል። ሐኪሙ አንድ ቀን ሊያያት መጥቶ ስትስቅ ትክ ብሎ አያት። እኔ ሳቋን ሳይ እሱ መንጋጋዋን ነበር የሚያየው።

ዳይሬክተሩ የሚፈልገው ነገር አንድ ነበር፤ እውነት። የመጀመሪያ ቀን ከጂፕሰም የራስ ቅል፣ አረንጓዴ ጭስ፣ ከቆርቆሮ መብረቅ ሠርቼ ወሰድኩለት።

«ይሄን ለሕፃናት አሳይ» አለኝ። «ሰው የሚፈራው የሚያምነውን ነው። እውነተኛ ድግምት አይጮህም። እንደ ሥራ ነው። ልብስ እንደ ማጠብ፣ ወለል እንደ መጥረግ። ቀስ ያለ፣ የማይቸኩል። አንተ ደግሞ ታውቀዋለህ፤ ለምንድነው የምትደብቀኝ?»

ቅሌን ጨርቄን ሳልል፣ ከነራስ ቅሌ ወጣሁ። ከዚያ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። በሕይወቴ በእውነት የፈራሁት የት ነው? መልሱ አንድ ነበር። መምህሩ ጥያቄ የከበደውን ተማሪ አይመቱም ነበር፤ አይጮኹበትምም። መሬቱ ላይ በጠመኔ ክብ ይሠሩና መሃሉ ያቆሙታል። ከዚያ ክፍሉ በሙሉ በቀስታ፣ በአንድ ድምፅ መልሱን ይላል። ክቡ ውስጥ ያለው ልጅ በራሱ አፍ እስኪለው ድረስ መምህሩ «ይደገም» ይላሉ፣ ይደገማል። እኔ መልሱን አውቀዋለሁ፤ ከአፌ ግን አይወጣም። ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል፣ እግሬ ይንቀጠቀጣል፣ ይደገማል።

ክቡን ወሰድኩት። ጠመኔውን ወሰድኩት። በቀስታ የሚሉትን ሰዎች ወሰድኩ። ዳይሬክተሩ ሲያይ መነጽሩን አወለቀ። «ይሄ ነው» አለ። «ይሄን ከአእምሮው የሚፈጥር ሰው የለም።»

እውነቱን ነው። አልፈጠርኩትም።

የቀረው ቃሉ ነበር። ደጋሚ ሆኜ የሚደገም ቃል የለኝም ልል ነው? በልጅነታችን ትልልቅ ሰዎች እንዳይገባቸው ፊደል እየገለበጥን ነበር የምናወራው፤ «ዳቦ» ስንል «ቦዳ»። አንዲት ሣጥን ላይ ተቀምጬ፣ ጣውላ ጭኔ ላይ አስተኝቼ፣ ጠመኔ ይዤ የሚገለበጥ ቃል ስፈልግ፣ ጆሮ ከፊቴ ቆማ የማይክ ገመዷን በመዳፏና በክርኗ መካከል ትጠቀልላለች። ፀጉሯ ከጆሮዋ ኋላ ወርዶ ነበር። በጭንቅላቴ ውስጥ አንዲት ቃል ብቻ ነበረች፤ ሌላው ሁሉ ወጥቶ ሄዷል። እሷኑ ከጅራቷ ይዤ ጻፍኳት፦

ሁለሻድወእ

ጆሮ አንገቷን አዙራ አነበበችው። «ምን ማለት ነው?»

«ትርጉሙን የሚያውቅ ሰው በሰላም አይተኛም» አልኳት።

ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ያን ማታ ግን በሰላም ያልተኛሁት እኔ ነበርኩ።

*

ፊልሙን የምንሠራው ድሮ የዱቄት ፋብሪካ በነበረ አዳራሽ ውስጥ ነው። መስኮቶቹን በጥቁር ጨርቅ ስለሸፈንናቸው ውጭ ጠራራ ፀሐይ ሆኖ ውስጡ ሌሊት ነው። የድሮው ዱቄት እስከ ዛሬ ከጣሪያው ላይ አልፎ አልፎ ይረግፋል፤ መብራት ሲነካው አንድ ሰው ከላይ ሆኖ የሚተነፍስ ይመስላል።

የመጀመሪያው የድግምት ቀን ከአካባቢው ጫኝና አውራጆች መካከል ወንዶች ተመርጠው በክቡ ዙሪያ ቆሙ። መሃል ላይ ሙሽሪት የሆነችው ተዋናይ አለች። ደጋሚ ሆነው የሚጫወቱት ሽማግሌው ተዋናይ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሁሉ ንጉሥ ሲጫወቱ የኖሩ፣ ድምፃቸው እንደ ከበሮ የሚያስተጋባ ሰው። ጣውላዬ ሁሉም እንዲያነቡት ካሜራው በማያየው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ።

«አክሽን» አለ ዳይሬክተሩ፣ እንደ ሹክሹክታ።

ወንዶቹ ጀመሩ። «ሁ... ለ... ሻ...»

በቀስታ ነበር። ከባድ ነገር ለመሸከም የለመደ ሰው ድምፅ ከሆዱ ነው የሚወጣው፤ ወለሉ በጫማዬ በኩል ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። ማንም አልጮኸም። መብረቅ የለም፣ ጭስ የለም። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ጠመኔውን ያሰምራሉ፣ ቀና ይላሉ፣ እንደገና ጎንበስ ይላሉ፤ እንደ ሥራ። ሙሽሪት ማልቀስ ጀመረች። ጽሑፉ ላይ «ታለቅሳለች» የሚል አልነበረም።

«ይደገም» አለ ዳይሬክተሩ።

ተደገመ።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ጀርባዬን ይዞ ወጣ። ቃሉን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። አጎት እንደሌለኝ አውቃለሁ። ሆኖም ያን ሁሉ ሰው ባንድ አፍ፣ በጨለማ፣ የኔን ምስጢር ከጭራው ይዞ ሲጎትተው ስሰማ፣ ጎትቶ የሚያመጣው ነገር ምን እንደሆነ አላወቅኩም። ሌባ ባዶ ቤት ገብቶ በጨለማው ውስጥ የራሱን ትንፋሽ ሰምቶ የሮጠበትን ጨዋታ ታውቁ ይሆናል። እኔ ለመሮጥም እግር አጣሁ።

ቀና ስል ጆሮ በማይኳ ሥር ሆና እያየችኝ ነበር። ማዳመጫዋን በሁለት እጇ ጆሮዋ ላይ ተጭናለች። በዓይኗ የምትጠይቀኝ ነገር አለ፤ ፈገግታው ግን አንዱም ዓይኗ ውስጥ አልነበረም።

*

የዚያን ቀን ሥራ ሲያልቅ ዳይሬክተሩ ጆሮን የወንዶቹን ድምፅ ለብቻው ቅጂልኝ ብሏት ኖሯል። ሙሽሪትም፣ ሽማግሌውም፣ እኛም ወጣን። ወንዶቹና እሷ ብቻ ቀሩ። በማግስቱ ድምፁ ይበልጥ እንዲያስፈራ «እስቲ ገልብጠሽ አጫውቺው» አላት። የሚያስፈራ ፊልም ሠሪ ሁሉ የሚሠራው ዘዴ ነው።

ከሰዓት በኋላ ጠራችኝ። የድምፅ ክፍሏ ድሮ ዱቄት የሚመዘንባት ጠባብ ክፍል ናት፤ ግድግዳዋን ድምፅ እንዳይረብሻት በእንቁላል ካርቶን ለብጣዋለች። ስገባ በሩን ዘጋችው። ከዚህ ቀደም ለብቻችን አንድ ክፍል ውስጥ ሆነን አናውቅም። ስንት ጊዜ አልሜው ነበር፤ በሕልሜ ግን እንዲህ ገርጥታ አላየኋትም።

«ስማ» ብላ ማዳመጫውን ራሴ ላይ አደረገችልኝ። ጣቶቿ ቀዝቃዛ ነበሩ።

እናንተዬ፣ እኔ የገለበጥኩት ፊደል ነው። ማሽን ግን ፊደል አይቆጥርም፤ የሚገለብጠው ድምፁን ነው። ስለዚህ ቃሌ ቀጥ ብላ አልተመለሰችም። እግሩ ተሰብሮ ተጣሞ እንደ ገጠመለት ሰው እያነከሰች፣ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚጠራ ሰው እየታፈነች መጣች። ትንፋሹ ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ውስጥ ነው የሚሄደው።

«እ... ኧውድ... ኣሽ... ኧሉህ...»

ማዳመጫውን አወለቅኩት።

«ምን ሰማህ?» አለችኝ።

«ነፋስ።»

«እወድሻለሁ ነው የሚለው» አለች። «መላልሼ ነው የሰማሁት። 'ሽ' አለበት፤ ለሴት ነው። ሲቀዳ ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ከኔ ሌላ ሴት አልነበረችም።»

ቀልድ ፈለግኩ፤ ሲጨንቀኝ የምይዘው እሱን ነው። «ያን ያህል ወንድ ባንዴ እወድሻለሁ ሲልሽ ምን ያስከፋሻል? ሐኪሙ ለብቻው ስንት ወር ፈጀበት።»

አልሳቀችም። «ወንዶቹ አይደሉም። እነሱ ያነበቡት ጣውላህን ነው። ከነሱ ድምፅ ሥር ሌላ ነገር አለ። ከታች ያለ። የሚወደኝ ነገር አለ፣ ደጋሚ። እንዴት እንደሚያስፈራ ታውቃለህ? ቢጠላኝ ይሻለኝ ነበር። የሚጠላ ነገር ይሰለቸዋል።»

«ጆሮ...»

«አጎትህ ምን ነበር ያልከው? የተደገመባትን ሳይዝ አይመለስም።»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ። የኔ ቃል አፋፉ ላይ ቆሞ ቁልቁል እያየኝ ነበር። አንዲት ዓረፍተ ነገር ትበቃ ነበር፤ የሚወድሽ ነገር እዚህ ፊትሽ ቆሟል፣ ጫማው የተቀደደው። በቃ። ግን ይሄን ስል ሌላውንም መናገሬ ነው፤ አጎት የለኝም፣ ድግምት አላውቅም፣ እንቅልፍሽን የወሰደብሽ ቀልዴ ነው። እንደዚህ ያለውን ሰው ማን ይወዳል? ደግሞ የብረት ነጋዴ ልጅ።

መልሱን አውቀዋለሁ። አፌን ከፈትኩ። ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ከእግሬ ሥር ጠመኔ ባይኖርም ክቡ ውስጥ ነበርኩ።

ዝምታዬን ጆሮ በሌላ ተረጎመችው። ፊቴን አይታ ወደ ግድግዳው አፈገፈገች።

«አንተም ፈራህ» አለች። «አንተ ከፈራህ እውነት ነው።»



*

ከዚያ ወዲህ ጆሮ ብቻዋን መቀመጥ ተወች። መብራት ሲቀየርና አዳራሹ ለአፍታ ሲጨልም የአንድን ሰው እጅጌ ትይዛለች፤ ማንም ይሁን። የኔን ግን አትይዝም። እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ ሙሽሪት የሆነችው ተዋናይ ወሬውን ሰማችና «ክቡ ውስጥ እግሬን አላስገባም» ብላ ቀረች። ሽማግሌው ደግሞ ካባቸውን አጣጥፈው ለዳይሬክተሩ መለሱለት።

«እኔ ዕድሜ ልኬን ስሞት ነው የኖርኩት» አሉት፣ «በሰይፍም በመርዝም ሞቻለሁ። ይሄ ግን ትወና አይመስለኝም። የልጅ ልጆች አሉኝ።»

አንድ ቀን ጠዋት የጋሼ መኪና መጣ። ጋሼ የሉበትም። የወረዱት ባለቤታቸው፣ የጆሮ እናት ናቸው። ቀለም በቀለም የሆነ ቱታዬን ለብሼ የሬሳ ሣጥን ክዳን ስልግ፣ ከፊቴ ቆሙ።

«አንተ ነህ ደጋሚው?»

ብድግ አልኩ። «አዎ፣ እትዬ።»

«ተቀመጥ ልጄ። ልሰድብህ አልመጣሁም። ባለቤቴም እዚህ መምጣቴን አያውቅም።» እሳቸውም ሣጥኑ ላይ ተቀመጡ፤ ምን ላይ እንደተቀመጡ አላዩም። «ልጄ ሌሊት እየተነሳች 'ማነው የሚወደኝ' ትላለች። በእንቅልፍ ልቧ ነው። እህል አትቀምስም። የደገምክባትን ፍታልኝ።»

«እትዬ፣ እኔ እሷ ላይ...»

«አውቃለሁ፣ አስበህ አይደለም። ለፊልም ነው። እሳት ለማብሰያ ቢለኩሱትም ቤት ያቃጥላል።» እጄን ያዙት። ያ ሁሉ ብረት ያለው ቤት እመቤት፣ ቀለሙ ነጠላቸውን ሲነካ እንኳ አልለቀቁኝም። «ዛሬ ነገ ስንል የቆየነውን ቀለበት የፊታችን እሑድ እናስርላታለን ብለናል። ሐኪሙም ወደ ሚሠራበት አገር ይዟት ይሄዳል። እሷም እሺ ብላለች። ቀለበት ያለባትን አልፎ ይሄዳል ይላሉ።»

«ማን ነው እንዲህ የሚለው?» አልኩ፣ ደንግጬ።

በመገረም አዩኝ። «አንተ ነሃ።»

አጎቴ ያልሠራብኝ ግፍ የለም፤ የሌለ ሰው የምወዳትን ልጅ ለሐኪሙ ሊድርብኝ ነው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ሲሉ እውነታቸውን ነው።

እትዬ ሲሄዱ መለስ ብለው «ወጣት ነህ። አንተም ራስህን ጠብቅ» አሉኝ። እሱ ነው ይበልጥ የገደለኝ። ቢሰድቡኝ እችለው ነበር።

*

የቀለበቱ ዋዜማ የመጨረሻው የሥራ ቀን ነበር። የቀረችን አንዲት ትዕይንት ብቻ ናት፤ ሙሽሪት ክቡ ውስጥ ትቆማለች፣ ደጋሚው ፊቷ ቆሞ ቃሉን ይላል፣ ትወድቃለች። ሙሽሪት የለችም፣ ደጋሚው የለም። ዳይሬክተሩ በአዳራሹ ወዲያና ወዲህ ተመላለሰ። ጋሼ ልጃቸውን ሊወስዱ መጥተው ከካሜራው ኋላ በምትታጠፍ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ እጃቸውን አጣጥፈው፣ ኮታቸውን ሳያወልቁ።

«ፊቷን አላነሳም፤ ጀርባዋን ብቻ ነው» አለ ዳይሬክተሩ። «ቁመቷ እሷን የሚያክል ሴት ቢኖር...»

«እኔ እቆማለሁ» አለች ጆሮ።

ሁላችንም ዞርን። ጋሼ «ምን ሆነሻል?» አሉ።

«አባዬ፣ ነገ ያልከኝን ሁሉ አደርጋለሁ። ዛሬን ተወኝ። ከምሸሸው ልየው።»

ማይኳን ለረዳቷ ሰጥታ ነጩን ቀሚስ ለብሳ ዓይነ ርግቡን አጠለቀች። ወደ ክቡ ስትሄድ ጣውላዬ በተሰቀለበት ግድግዳ አጠገብ ቆም አለች። ጣቷን ፊደሎቹ ላይ አድርጋ ከቀኝ ወደ ግራ በቀስታ አሳለፈች። አቧራውን የምትጠርግ መሰለኝ።

ዳይሬክተሩ የሽማግሌውን ካባ ይዞ ወደኔ መጣ። «ቃሉ ያንተ ነው» አለኝ። «ከዚህ ሁሉ ሰው የምታውቀው አንተ ነህ። አንተ በለው።»

ካባው የሽማግሌውን ላብ ይሸታል። ጠመኔ ሰጡኝ። መብራቱ ተቀነሰ። ጥቁሩ ጨርቅ ፀሐይዋን ውጭ አስቀራት። ከጣሪያው ዱቄት ረገፈ።

ክቡን ራሴ አሰመርኩ። በሕይወቴ ይሄን መስመር ከውጭ ሆኜ ሳሰምረው ይሄ የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ ደንቡ ስለሆነ ወደ ውስጥ ገባሁና ፊቷ ቆምኩ።

ከዓይነ ርግቡ ሥር ትንፋሿ ይታየኛል፤ ጨርቁ ይገባል፣ ይወጣል። እጆቿ ይንቀጠቀጣሉ። እንዲህ ቀርቤያት አላውቅም፤ እንዲህም ስትፈራ አይቻት አላውቅም፤ የፈራችው ደግሞ እኔን ነበር፣ እኔ መሆኔን ሳታውቅ።

«አክሽን።»

ወንዶቹ ጀመሩ። «ሁ... ለ... ሻ... ድ...» ወለሉ ተንቀጠቀጠ። የኔ ተራ እስኪደርስ ድምፃቸው ሦስት ጊዜ ዞረን። ከዚያ ዝቅ አሉልኝ፤ እንደ ድሮው ክፍል፣ መልሱን በቀስታ እያሉ፣ ልጁ በራሱ አፍ እስኪለው እየጠበቁ።

«ሁ...» ብዬ ጀመርኩ።

ትከሻዋ ሲሸማቀቅ አየሁ። የሚመታት ሰው እጁን እንዳነሳባት።

ከዚያ በኋላ ያሉት ፊደሎች አልወጡ አሉኝ። ጉሮሮዬ ላይ ቆሙ። ወንዶቹ ይላሉ፣ እኔ ቆሜያለሁ። ከኋላዬ ጋሼ ሲያስሉ ሰማሁ። ቃሉን እንደተጻፈው ካልኩት ፊልሙ ያልቃል፤ ሥራዬን እይዛለሁ፣ ስሜን እይዛለሁ፤ እሷ ነገ ከምትፈራው ነገር ሸሽታ ወደማትወደው ሰው ትሄዳለች። ዕድሜ ልኳን የሚወዳት ነገር ከወለል ሥር እንዳለ እያሰበች ታረጃለች። ባልለውስ? ሥራዬን አጥቼ አውቶቡስ በር ላይ እንደተንጠለጠልኩ እቀራለሁ። የጋሼ እጅ ደግሞ ብረት የለመደ ነው።

«እወድሻለሁ» አልኩ።

ድምፄ ቀጭን ነበር፤ የሰባተኛ ክፍል ድምፅ። ወንዶቹ አንድ በአንድ ጸጥ አሉ፤ የመጨረሻው ለብቻው «ወ... እ...» ብሎ አፍሮ ተወው። ዳይሬክተሩ «ከት» አላለም።

«አጎት የለኝም» አልኩ። «ድግምት አላውቅም። የደገምኩት ሰባተኛ ክፍልን ነው። ጣውላው ላይ ያለው... አንቺ ገመድሽን ስትጠቀልዪ አይቼሽ፣ በቀጥታ መጻፍ ፈርቼ ገልብጬ ነው የጻፍኩት። ከታች ማንም የለም፣ ጆሮ። የሰማሽው እኔን ነው። እኔ ነኝ።»

የጋሼ ወንበር ከወለሉ ጋር ተፋጨ። ተነሥተዋል። ዞሬ ለማየት ድፍረት አጣሁ። ዓይነ ርግቡን ብቻ አየሁ፤ ጨርቁ መግባት መውጣቱን አቁሞ ነበር። አልሳቀችም። አልተቆጣችም። አልወደቀችም። ሰው ሲጠላህ በምን ይታወቃል? እኔ እንጃ፤ ያን ጊዜ ግን ከወለሉ ሥር አንድ ነገር ወጥቶ በወሰደኝ ብዬ ተመኘሁ።

«ድገመው» አለች።

መምህሩ ይሄን ቃል ሲሉኝ ስንት ዓመት ተንቀጥቅጫለሁ። አሁንም ተንቀጠቀጥኩ።

«እወድሻለሁ» አልኩ። ደጋሚ ሆኜ ከተፈጠርኩ ጀምሮ በትክክል የደገምኩት እሱን ብቻ ነው።

ዓይነ ርግቡን ገለጥ አደረገችው። ፊቷ በእንባ ርሷል፤ በአንድ ዓይኗ ግን ያቺ የድሮዋ ፈገግታ ነበረች። ከጋሼ ኮቴ ቀድማ፣ ለኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «ምኔእ» አለችኝ።

ሦስት ፊደል ናት። የተማረ ሰው ቢሆን ወዲያው ይገባዋል። እኔ ግን እዚያ ክብ ውስጥ ቆሜ፣ የሰው አባት በሰፊ እርምጃ እየመጣብኝ፣ አንድ በአንድ ከጅራቷ መፍታት ነበረብኝ። ጣቷ ጣውላው ላይ ከቀኝ ወደ ግራ ሲሄድ ያየሁት ያኔ ነው ትዝ ያለኝ፤ አቧራ አልነበረም የምትጠርገው። ታውቅ ነበር። አውቃው ነው ክቡ ውስጥ የገባችው፤ እጇ ሲንቀጠቀጥ የነበረውም ሳልለው እንዳልቀር ፈርታ ነው።

ም። ኔ። እ።

የጋሼ ጫማ ጠመኔውን ረገጠው። ጥላቸው በሁለታችንም ላይ ወደቀ።

እ። ኔ። ም።

ፍርሃቴ የሚለቀኝ መስሎኝ ነበር። አልለቀቀኝም። እስካሁን የፈራሁት የሌለኝን ነገር እንዳላጣ ነበር፤ እሱ የልጅ ፍርሃት ነው ለካ። እጇን በሁለት እጄ ያዝኩና፣ የሚያጣው ነገር ያለው ሰው እንዴት እንደሚፈራ የዚያን ጊዜ አወቅኩ።